ሰፈሩን በሐምሌ እየው

ተጓዥ፦ እትዬ፣ ገዳሪፍን እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሰፈር የለም። ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው። ትራክተርና ኮምባይነር የሚጠገንበት ጋራዥ ነው፤ ባለቤቱ ሱዳናዊ ነው፤ ደሞዙን ተነጋግረን ጨርሰናል። የቀረኝ ቤት ነው። የት ሰፈር ልከራይ?

ተመላሽ፦ ብቻህን ነው የምትሄደው?

ተጓዥ፦ ከልጄ ጋር ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 9ኛን ጨረሰች።

ተመላሽ፦ ለብቻህ ቢሆን ቀላል ነበር። ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ያዝ፣ አልጋህን ግቢ አውጥተህ ተኛ፣ ጠዋት በእግርህ ወደ ጋራዥህ ሂድ እልህና ቡናችንን እንጠጣ ነበር። አሁን ግን ቀስ ብለን ነው የምናወራው። አንተ ምን ምን አስበሃል?

ተጓዥ፦ ሦስት ቦታ ነግረውኛል። አንዱ መሃል ከተማ፣ ሐበሻ የሚበዛበት። ቡናው፣ እንጀራው፣ አማርኛው አለ። ሁለተኛው ዴም ኑር ነው፤ ከሱዳን ቤተሰብ ጋር በአንድ ሖሽ ውስጥ ሁለት ክፍል። ሦስተኛው እናንተ የኖራችሁበት ተዋዋ፤ ርካሽ ነው ይላሉ።

ተመላሽ፦ ተዋዋን እርሳው። እኛ መርጠነው አልገባንበትም። በ1977 በድርቁ ጊዜ ስንደርስ የስደተኛ ሰፈር ይህ ነው ተባልን፣ ገባን። ከከተማው ዳር ነው፤ ዳሩ ደግሞ ዋልካ ነው። በበጋ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ግራርና ላሎብ ባለበት ዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ካላዛር የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ትውላለች፤ ማታ ትወጣለች። ሰው ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ማታ ደጅ ይተኛል። ካላዛር የያዘው ሰው አይተሃል?

ተጓዥ፦ ለአጨዳ ሁመራ ወርደው የተመለሱ ልጆች ላይ አይቻለሁ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው ሰልሎ።

ተመላሽ፦ ጣፊያቸው ነው የሚያብጠው። መድኃኒቱ 17 ቀን በቀን ሁለት ሁለት መርፌ ነው። ስንቱ ጎረምሳ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ኪራይ ረከሰ ሲሉህ ለምን እንደረከሰ ጠይቅ፤ የገዳሪፍን ዳር ዳር ያረከሰው ርቀቱ ብቻ አይደለም።

ተጓዥ፦ እሺ፣ ተዋዋ ይቅር። መሃል ከተማስ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ። እኔ ባመሽ የምትጠጋባት የአገሯ ሴት ታገኛለች። ብትታመም የሚደርስላት፣ በዓል ሲመጣ ዶሮ የሚሠራላት አይጠፋም።

ተመላሽ፦ አይጠፋም። ሻይ የምታፈላዋ ሁሉ እናት ትሆንላታለች፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ግን ከሻ የሚሉትን ሰምተሃል?

ተጓዥ፦ አፈሳውን?

ተመላሽ፦ አዎ። ፖሊስ ወረቀት ሊፈትሽ ሲወጣ የት ይሄዳል? የውጭ ሰው ተሰብስቦ ወደሚገኝበት ነው። ኢቃማ ያለውም የሌለውም አንድ መኪና ላይ ይጫናል፤ ማን ምን እንደያዘ የሚጣራው ጣቢያ ከተደረሰ በኋላ ነው። ያን ቀን ልጅህ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ቢሆንስ? አረቄ የምትሸጠዋ ጎረቤትም አለች፤ እሷ ስትያዝ ግቢው ሁሉ ነው የሚያዘው። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ደላላው ነው።

ተጓዥ፦ የሊቢያው?

ተመላሽ፦ የሊቢያው። አሁን ሂጂ፣ ገንዘቡን ስትደርሺ ትከፍያለሽ የሚለው። እሱ ዴም ኑር ሄዶ የሱዳን ቤት አያንኳኳም። በእኛ ቋንቋ እያወራ፣ ከእኛ ጋር ቡና እየጠጣ ነው ልጆቻችንን የሚወስደው። አማርኛው አለ ብለህ የተደሰትክበት ሰፈር ለእሱም የተመቸው በአማርኛው ነው።

ተጓዥ፦ እትዬ፣ ደላላማ ጎንደርም አለ። መተማ ድረስ የሚሸኟቸው ልጆች ከየት ነው የሚነሱት? በ2012 አዋጅ 1178 ወጥቶ ቅጣቱ እንዲያ ሲከብድ እንኳ መንገዱ አልቆመም። ጎንደር ብተዋት ከደላላ አመለጠች ማለት ነው?

ተመላሽ፦ የጎንደሩ ደላላ ልጅህን ድንበር ማሻገር አለበት። አስፈራርቶ፣ አባብሎ፣ ኬላ አሳልፎ። የገዳሪፉን ደላላ ያን ሁሉ ሥራ አንተው ራስህ ሠርተህለት ነው የምትጠብቀው።

ተጓዥ፦ ይቺ ንግግር ጠንካራ ናት።

ተመላሽ፦ ጠንካራ ያደረግኳት እኔ አይደለሁም።

ተጓዥ፦ እንግዲያው ዴም ኑር ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው እዚያ ነው። ሱዳኖች ጎረቤት ያውቃሉ። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ሲነሳ፣ በኋላም በ2016 ታኅሣሥ ወድ መደኒ ስትወድቅ ያን ሁሉ ተፈናቃይ የተቀበለችው ገዳሪፍ ናት። ትምህርት ቤቱን ከፍታ ሰጠች፣ በየሖሹ ሰው አስጠጋች። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሃል ልጅ አይጠፋም።

ተመላሽ፦ ስለ ሕዝቡ ከእኔ ጋር አትከራከርም። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ያረሱኝ ሱዳኖች ናቸው። ጎረቤቴ የነበረችው ሴት የገዛ ቶቧን ቀድዳ ነው ሕፃኑን የጠቀለለችልኝ። ግን ትምህርት ቤቱን ከፍታ ሰጠች ስትል ራስህን ስማው እስቲ። ተፈናቃይ የተኛበት ክፍል ውስጥ ማን ይማራል? በ2015 የሴኮንደሪ መልቀቂያ ሊፈተኑ የነበሩ የሱዳን ልጆች የተፈተኑት በ2017 ታኅሣሥ ነው። የአገሩ ልጅ እንዲህ ከቆየ የእንግዳው ልጅ ስንት ይቆያል?

ተጓዥ፦ ያ እያለፈ ነው። ጦሩ በ2017 መጋቢት ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ተፈናቃዩ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ወድ መደኒም ከዚያ በፊት ተመልሳለች። ገዳሪፍ ራሷ አንድ ቀን እንኳ ጦሩን በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ አልወደቀችም።

ተመላሽ፦ በእጁ አልወደቀችም፤ በ2016 ሚያዝያ ድሮኑ ግን ደርሷታል። ጦርነቱን ለአንተ እተወዋለሁ፤ እኛም የምንኖርበት ብዙ የሚሻል አይደለምና በእሱ አልፈርድብህም። ወደ ቤቱ እንመለስ። ዴም ኑር ያሉህን ቤት አይተኸዋል?

ተጓዥ፦ ፎቶ ልከውልኛል። ግንቡ ደህና ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ የኒም ዛፍም አለው።

ተመላሽ፦ መቼ የተነሣ ፎቶ ነው?

ተጓዥ፦ ኅዳር ይመስለኛል።

ተመላሽ፦ ኅዳር! በኅዳር ገዳሪፍ ሙሽራ ናት። ሰሊጡ ገበያ ወጥቷል፣ ማሽላው እየታጨደ ነው፣ ነጋዴው ኪሱ ሞልቷል፣ መንገዱ ደርቋል። በኅዳር የተከራየ ሰው ሁሉ ያማረ ሰፈር ነው የተከራየው። ሰፈሩን በሐምሌ እየው። ያን ጊዜ ዋልካው ጫማ ይነጥቃል፤ ረክሻ አይገባም፤ ልጅቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየትኛው በኩል እንደምትዞር ታያለህ። አባት ቤት ሲከራይ ከበሩ እስከ ሥራ ቦታው ያለውን መንገድ ይለካል። የእሷን መንገድ በእሷ ሰዓት ሄደህበት እየው፤ ስትሄድ ብቻ ሳይሆን ስትመለስም፣ በቀትር፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው በተኛበት ሰዓት። ከዚያ ደግሞ በሚያዝያ እየው።

ተጓዥ፦ ሚያዝያ ለምን?

ተመላሽ፦ ለውሃው። ገዳሪፍ ውሃ ከሸዋክ፣ ከአትባራ ወንዝ እየተሳበ ነው የሚመጣላት። ስትጠማ የኖረች ከተማ ናት። ቧንቧው ሲጠፋ በርሜል የጫነ የአህያ ካሮ ይዞራል፤ ከየት እንደተቀዳ አትጠይቀውም፣ ትገዛለህ። በ2016 መስከረም የሱዳን ኮሌራ የታወጀው ከገዳሪፍ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ አከራዩን ስንት ክፍል አለህ ከማለትህ በፊት ታንከርህ ስንት በርሜል ይይዛል በለው።

ተጓዥ፦ ይኸው፣ ለዚህ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ውሃው፣ ጭቃው፣ መንገዱ መፍትሔ አለው። በሐምሌ ብቻዬን ሄጄ አይቼ እመለሳለሁ። ሌላ የሚያሳስብ ነገር ከሌለ...

ተመላሽ፦ አለ እንጂ። በየትኛው ቋንቋ ነው የምትማረው?

ተጓዥ፦ በዐረብኛ ነዋ። ልጅ ቋንቋ አይቸግረውም።

ተመላሽ፦ የአምስት ዓመት ልጅ አይቸግረውም። የአሥራ አምስቷ ግን አሁን በእንግሊዝኛ ፊዚክስ እየተማረች ነው፤ አንተ ደግሞ ፊደል ልታስቆጥራት ነው። እኔ የማወራህ የሆነ ነገር ነው። በ1992 ከደርግ መውደቅ በፊት የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ከእንግዲህ ስደተኛ አይደለም ተብሎ የስደተኞች ኮሚሽኑ ወረቀታችንን አቆመ። ብዙዎቻችን ተመለስን። የበኩር ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ገዳሪፍ በዐረብኛ ተምሮ ከክፍሉ የሚቀድመው አልነበረም። ሸሂዲ ስንገባ አማርኛ ያወራል እንጂ አያነብም፤ 3ኛ ክፍል አስገቡት። ጉልበቱ ከዴስኩ በላይ ነበር። 8ኛን ሲጨርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ከዚያ በቃኝ አለ።

ተጓዥ፦ ልጅዎን አውቀዋለሁ፤ መተማ ዮሐንስ አይደል ያለው? ገላባት ተሻግሮ ከሱዳን ጉምሩክ ጋር ተነጋግሮ የነጋዴ ዕቃ የሚያስጨርሰው እሱ ነው። በምንድን ነው የሚነጋገረው? በዚያው በዐረብኛው ነው። 12ኛ የጨረሱት እኩዮቹ ዛሬ በወር የሚያገኙትን እሱ በሳምንት ያገኛል። በዚያ ዴስክ ያፈረበት ቋንቋ ነው ቤት ያሠራው።

ተመላሽ፦ እውነትህን ነው። ቤቱም ጥሩ ነው። ግን አንተ እንዳልከው ሆኖ አልተገኘም፤ ከወደቀበት ተነሥቶ ነው። ከመቶ ልጅ አንዱ ሲነሣ እያየህ ሌላዋን ሆን ብለህ ልትጥላት ነው?

ተጓዥ፦ ከመቶ ካሉ እንቁጠር። እዚህ ብትቀርና 12ኛ ብትደርስ ምን ይጠብቃታል? ብሔራዊ ፈተናውን በ2014 ከተፈተነው ያለፈው 3.3 ከመቶ ነው። በ2015 3.2፤ በ2016 5.4። ከመቶ ዘጠና አምስቱ የሚወድቅበትን በር ነው የዘጋህባት የሚሉኝ? በክልላችን ስንት ሺህ ትምህርት ቤት እንደተዘጋም እርስዎ ያውቃሉ። ጎንደር ከተማ እስካሁን ይማራሉ፤ ነገን ማን ያውቃል? እኔ ልጄን ከሚሠራ ትምህርት ወደማይሠራ እየወሰድኳት አይደለም። ከአንድ ጠባብ በር ወደ ሌላ ጠባብ በር ነው። ቢያንስ በሁለተኛው ዐረብኛ ይዛ ትወጣለች።

ተመላሽ፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን ከመቶ አምስት ማለትና ዜሮ ማለት አንድ አይደለም። ልጅህ ጎበዝ ናት?

ተጓዥ፦ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት።

ተመላሽ፦ እንግዲህ አየህ። ቁጥሩ የሚያስፈራው ሰነፉን ነው፤ አንተ ሁለተኛ የወጣችውን ከውድድሩ ልታወጣት ነው። ካርቱም የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሰላም ቢሆን እዚያ ውሰዳት እልህ ነበር። አሁን ካርቱም ራሷ ገና ከፍርስራሽ እየወጣች ነው። እሑድም የትምህርት ቀን እንደሆነ ነግረሃታል? ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው።

ተጓዥ፦ ቅዳሴውን ትናፍቃለች፤ ነግሬያታለሁ። እሷ የጠየቀችኝ ስለ ኔትወርኩ ብቻ ነው።

ተመላሽ፦ አትሳቅባት። እናቷ የት ናት?

ተጓዥ፦ ጂዳ ናት፤ ሰባት ዓመቷ። ልጅቱ የምታውቃት በስልክ ነው። በ2016 የካቲት ገደማ የሱዳን ኔትወርክ አገር ሙሉ ሲጠፋ፣ እዚያ የነበሩ ጓደኞቼ ከቤተሰብ ሳይገናኙ ሳምንታት ቆዩ፤ እሱን ሰምታ ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን፣ እትዬ። ይህች ልጅ አንዱን ወላጇን በስልክ ነው ያደገችው። ሁለተኛውንም በስልክ አድርጌባት ልሂድ? ጎንደር እህቴ ጋ ብተዋት ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ ትማራለች። ማታ ግን ዛሬ ምን ሆንሽ የሚላት ማን ነው? የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ ሆና ለአክስት የማይነገር ስንት ነገር አለ።

ተመላሽ፦ ለአባትም የማይነገር ብዙ አለ።

ተጓዥ፦ ባይነገርም ፊቷን አያለሁ።

ተመላሽ፦ መቼ?

ተጓዥ፦ ማታ ነዋ። በየቀኑ።

ተመላሽ፦ የት ሆነህ? እስቲ ሥራህን ንገረኝ። ጋራዡ ከተማ ነው፤ ትራክተሩስ የት ነው የሚበላሸው?

ተጓዥ፦ እርሻው ላይ።

ተመላሽ፦ እርሻው የት ነው? ሐዋታ ነው፣ ባሱንዳ ነው፣ ዶካ ነው፣ ገዳምባሊያ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደራቸው ማሽላ ሲፈልጉ በትራክተር ማረስ የጀመሩበት አገር ነው፤ ሜዳው ማለቂያ የለውም። ሰኔና ሐምሌ ሲታረስ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲታጨድ መካኒክ ከካምቦ አይወጣም። በክረምት መንገዱ ሲሰበር ደግሞ ልውጣ ብትልም አትወጣም። አንድ ትራክተር ሲቆም ባለቤቱ ዝናቡ አለፈኝ ብሎ ነው የሚያብደው፤ ልጄ ዘንድ ልደር ብትለው ይሰማሃል? አብረን እንሆናለን ያልክበት ገዳሪፍ ውስጥ አንተ የለህም። ያለችው እሷ ናት፤ በማታውቀው ቋንቋ፣ በሰው ሖሽ ውስጥ።

ተጓዥ፦ ...ከባለቤቱ ጋር ስነጋገር ከተማ ውስጥ ነው ብሎኛል።

ተመላሽ፦ ስንት ወር?

ተጓዥ፦ አልጠየቅኩትም። እጠይቀዋለሁ። ይሁን፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁንና ከዓመቱ አራቱን ወር እርሻ ልውል። ስምንቱ ወር አለ። ጂዳ ያለችው እናቷ በሰባት ዓመት ስንት ቀን አየቻት? ስምንት ወርን እንደ ምንም አይቁጠሩብኝ።

ተመላሽ፦ አልቆጥርብህም። እንዲያውም በአራቱ ወር ልያዝህ። ሥራህ ወቅት ያለው ሥራ ነው። ታዲያ ለምን ቤትህን ገንዳ ውሃ አታደርግም?

ተጓዥ፦ ሸሂዲ?

ተመላሽ፦ ሸሂዲ። የዞን ከተማ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ወዲህ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ልጅቱ በለመደችው መጽሐፍ ትማራለች። አንተ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለውን ወደ 150 ኪሎ ሜትር ተሻግረህ ትሠራለህ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ትመጣለህ።

ተጓዥ፦ ለምን መተማ ዮሐንስ አይሆንም? ቢያንስ ድንበሩ ላይ ነው።

ተመላሽ፦ ድንበሩ ላይ ስለሆነ ነው የማይሆነው። ከተማው ማታ ነው የሚነቃው። ሹፌር አለ፣ ገንዘብ መንዛሪ አለ፣ ለአንድ ሌሊት የሚያድር ሰው አለ። የሚያልፍ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ውስጥ ልጅ ማሳደግ ይከብዳል፤ ነገ ስለማያገኛችሁ ማንም ይሉኝታ አይዘውም። የሸሂዲ ሰው ግን ነገም እዚያው ነው።

ተጓዥ፦ ገባኝ። ግን ይህን ያህል ካሰቡልኝ አንዱን ዘለሉት። ኬላው። በ2013 ሐምሌ ሱዳን ዘጋችው። በ2014 ሰኔ ደግሞ ዘጋችው። በ2016 ነሐሴ መጨረሻ መተማ ላይ ተኩስ ሲሆን እንደገና ተዘጋ። የድንበሩ የፋሽቃ መሬት ነገር ገና አልበረደም። እኔ ዶካ፣ እሷ ሸሂዲ ሆነን ኬላው ቢዘጋ፣ እነዚያ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከጂዳ ይርቃሉ። ጂዳ እንኳ አውሮፕላን አለ።

ተመላሽ፦ ይዘጋል፤ ይከፈታል፤ ደግሞ ይዘጋል። ስለማይቀር ነው የምመክርህ። ሲዘጋ ልጅህ በየትኛው በኩል እንድትገኝ ትፈልጋለህ?

ተጓዥ፦ እኔ ባለሁበት በኩል።

ተመላሽ፦ እኔ ደግሞ ትምህርቷ ባለበት በኩል። አንተ አዋቂ ነህ፤ አንድ ዓመት ብትታገት አንድ ዓመት አለፈብህ ነው። የእሷ 10ኛ ክፍል ግን አንዴ ነው።

ተጓዥ፦ የእሷም አሥራ ስድስተኛ ዓመት አንዴ ነው። ትምህርት በሃያ ዓመትም ይማሩታል፤ የእርስዎ ልጅ በአሥራ ዘጠኝ 8ኛን ጨርሷል። ከሰው ጋር ያላደጉበትን ዓመት ግን ማታ ትምህርት ገብተው አያካክሱትም።

ተመላሽ፦ ...ይህን ያልከውን ልጄ ቢሰማ ከአንተ ጋር ይሆናል። አሁን ግን ወረቀቱን ንገረኝ። እኛ ስደተኛ ነበርን፤ የኮሚሽኑ ካርድ ነበረን። ከከተማ ለመውጣት ፈቃድ መለመን ነበረብን፣ አንገታችንን ደፍተን ነው የኖርነው። ቢሆንም ካርዱ በራሳችን ስም ነበር። የልጅህ ኢቃማ በማን ስም ነው?

ተጓዥ፦ በእኔ ሥር ነው የምትመዘገበው።

ተመላሽ፦ አንተስ በማን ሥር ነህ?

ተጓዥ፦ በባለ ጋራዡ።

ተመላሽ፦ እንግዲህ ቁጠረው። ሰውየው በአንድ ሞተር ተጣልታችሁ ቢያባርርህ፣ ዴም ኑርም፣ የኒሙ ዛፍም፣ ትምህርት ቤቱም አብረው ነው የሚባረሩት። የሰፈሩን ደግነት እዚያ ላይ አታገኘውም። ጎረቤቶቿ ያለቅሱላት ይሆናል እንጂ አያስቀሯትም።

ተጓዥ፦ ሸሂዲ ላይ ደግሞ ሌሊት ወባ ቢይዛት? ኬላው ተዘግቶ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ?

ተመላሽ፦ ጎረቤት ጤና ጣቢያ ያደርሳታል።

ተጓዥ፦ ዴም ኑርም ጎረቤት አለ። ቅድም እርስዎ ራስዎ አልነገሩኝም? ቶቧን የቀደደችው ሴት ዘመድዎ ነበረች?

ተመላሽ፦ አልነበረችም። እሷ ቤት ከሆነስ የእኔንም ልጅ እሰጥ ነበር። ግን ሐኪሙ ምንሽን ነው የሚያምሽ ሲላት ልጅህ በምን ትመልሳለች?

ተጓዥ፦ በመጀመሪያው ወር በእጇ ታሳያለች። በስድስተኛው በዐረብኛ ትመልሳለች። እርስዎ ሲሄዱ አንድ ቃል አያውቁም ነበር። ስንት ወር ፈጀብዎ?

ተመላሽ፦ ሦስት ወር። ሻይ ካልሸጥኩ አልበላም ነበር። ግን እኔ ፈተና አልነበረብኝም።